ለቅሶ ከመድረሳችን በፊት፦ በአትላንታ ላላችሁ ዕድሮችና ሰበካ ጉባኤዎች

ይድረስ፦ በአትላንታና በዙሪያዋ ላላችሁ የዕድር ሊቀመንበሮችና ኮሚቴዎች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለአባቶች ካህናት፣ ለፓስተሮች፣ ለመስጊድ ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም ቤቱ ውስጥ ታማሚ ላለው ሰው ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከርማችኋል። ደብዳቤው ረዘም ይላል፣ አረፍ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሌሊት ሌሊት እማዬ ስትተኛ በስልኬ ነው የጻፍኩት፣ አንዳንድ ቦታ ሃሳቤ ከዘለለ ይቅርታ አርጉልኝ።

ህዳር በመጣ ቁጥር ሁለት ነገር ትዝ ይለኛል። አንዱ ህዳር ሚካኤል ነው፣ ሌላው ሚስስ ሮዛሊን ካርተር ናቸው። ያረፉት እሁድ ቀን ነበር፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 19 ቀን 2023፣ በኛ ህዳር 9 ቀን 2016፣ ሚካኤል ሊነግስ ሦስት ቀን ሲቀረው። 96 ዓመታቸው ነበር። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው የፕሬዝዳንት ካርተር ሚስት መሆናቸውን ነው፣ እኔ ግን ስለ ኋይት ሀውስ ልጽፍላችሁ አይደለም የተነሳሁት። እኔ የማስባቸው እዚሁ እኛ የምንኖርበት ጆርጂያ ውስጥ፣ ገጠር ተወልደው፣ ገጠር ኖረው፣ ገጠር የተቀበሩ አንዲት እናት፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሴትዮ፣ ከዛ ሁሉ በላይ ደሞ አስታማሚ ሆነው ነው። አስታማሚ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ ደብዳቤው ሁሉ እሱ ላይ ነው። (ዓመተ ምህረቱን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።)

ፕሌንስ ከአትላንታ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ኦቾሎኒ የሚመረትባት፣ ሕዝቧ ሺህ የማይሞላ ትንሽ ከተማ ናት። ሚስስ ካርተር 1927 ላይ እዛ ተወለዱ። ያዋለዷቸው ሚስ ሊሊያን የሚባሉ ጎረቤት ነርስ ነበሩ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ልጃቸውን ይዘው መጡና አራሷ ቤት ሕፃኗን አሳዩት። ያ ልጅ ጂሚ ነው። 77 ዓመት በትዳር አብረው የኖሩት ሁለቱ ናቸው እንግዲህ፣ ሚስ ሊሊያንም ያዋለዷትን ልጅ መልሰው ምራታቸው አደረጓት ማለት ነው።

አባታቸው ሲሞቱ ሮዛሊን 13 ዓመታቸው ነበር። የደም ካንሰር ነው፣ 1940 ላይ። እናታቸው ሚስ አሊ አራት ልጅ ይዘው ቀሩ፣ የሰው ልብስ እየሰፉ፣ በኋላም ፖስታ ቤት እየሠሩ አሳደጉ። ሮዛሊን የመጀመሪያ ልጅ ስለሆኑ ስፌት ማገዙም ታናናሾችን ማየቱም እሳቸው ላይ ወደቀ። ሀዘኑ ዓመት ሳይሞላው ደሞ የሚስ አሊ እናት ሞቱ፣ ብቻቸውን የቀሩት ሽማግሌ አያት ጓዛቸውን ይዘው እነሱ ጋ ገቡ። የቤት ትልቅ ሴት ልጅ የሆናችሁ እህቶቼ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ልጅነት እዛ ላይ ነው የሚያልቀው። እሳቸውም በኋላ ሲናገሩ ማስታመም የጀመርኩት በዛ ዕድሜዬ ነው ይሉ ነበር። ካደጉ በኋላ የባለቤታቸውን እናት፣ የባለቤታቸውን ወንድምና እህቶች ካንሰር አንድ በአንድ ሲወስዳቸው አይተዋል፣ የገዛ እናታቸውም እስከ 94 ዓመታቸው ኖረዋል። የልጅ ልጃቸውንም ቀብረዋል።

ከዚህ ሁሉ የወጣች አንድ አባባል አለቻቸው፣ እኔ ፍሪጄ ላይ በአማርኛ ጽፌ ለጥፌያታለሁ። በዓለም ላይ ያለው አራት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፣ ያስታመመ፣ እያስታመመ ያለ፣ ወደፊት የሚያስታምም፣ አስታማሚ የሚያስፈልገው። በቃ ይሄው ነው። አምስተኛ የለም።

አሁን የኔን ልናገር።

እማዬ የጎጃም ሴት ናት፣ ሞጣ አካባቢ። ልጅ ሆኜ ሳስታውሳት ወረንጦ በእጇ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በር ላይ ብርሃን ፈልጋ ትቀመጥና ዓይኗን የሚወጋትን ፀጉር ትነቅላለች፣ እጇ ሲዝል ደሞ "ነይ አንቺ፣ ያንቺ ዓይን ጥሩ ነው" ትለኝና ወረንጦውን ለኔ ትሰጠኛለች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ እኔ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ትራኮማ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ሚስስ ካርተርና ባለቤታቸው 1982 ላይ አትላንታ ያቋቋሙት ካርተር ሴንተር ከ2001 ጀምሮ ከአማራ ክልል ጤና ቢሮና ከላየንስ ክለብ ጋር ሆኖ በዚሁ በሽታ ላይ ሲሠራ ነው የኖረው። ዚትሮማክስ የሚባለው መድኃኒት በየቀበሌው ይታደላል፣ ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰበት ሰው ይሠራለታል፣ ልጆች ፊት መታጠብ ይማራሉ፣ ሽንት ቤት ይቆፈራል። የሽንት ቤቱን ነገር ለየት አርጌ የማነሳው ሴት ልጅ ለመጸዳዳት ጨለማ እስኪሆን የምትጠብቅበት አገር ስለሆነ ነው፣ ባሎቻቸውን ይዘው ቆፍሩ ያሉት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው፣ ከታቀደው በብዙ እጥፍ ተቆፈረ። እማዬም ጤና ጣቢያ ሄዳ በአንድ ጠዋት ተሠራች። ፋሻው ሲፈታ ያለችው "ኤዲያ፣ ይሄን ያህል ዓመት!" ነው። ወረንጦውን ግን አልጣለችም፣ እዚህ አሜሪካ ድረስ ይዛው መጥታለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ አለ።

ያቺ ዓይኗን ያገኘች ሴት ናት እንግዲህ አሁን እኔን የማታውቀኝ።

የመርሳት ህመም ነው፣ ዲሜንሺያ። ሲጀምር ሽሮው ላይ ሁለቴ ጨው መጨመር ነበር፣ ከዛ የልጄን ስም በሞተው ወንድሜ ስም መጥራት መጣ፣ ከዛ አንድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን ለብሳ ቆማ አገኘኋት። ወዴት ነው እማዬ ስላት "ጥጆቹ አልገቡም" አለችኝ። ክላርክስተን ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ አፓርትመንት ላይ። ባለቤቴ ቀን ይሠራል፣ እኔ ናይት ሺፍት ነኝ፣ እሱ ከክፍሉ ነቅቶ እስኪወጣ እሷ በሩን ከፍታለች። ከዛን ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ደወል ገጠምን።

ለማንም አልነገርኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ። ለምን ብትሉኝ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ጃጀች ይባላል፣ መንፈስ ነው ይባላል፣ ልጅቷ በደንብ ስላልያዘቻት ነው ይባላል። ቤተክርስቲያን ይዣት መሄድም ያቆምኩት አንድ ቀን ቅዳሴ መሃል ድንገት ተነስታ የመንደሯን ሰው ጮክ ብላ መጣራት ስትጀምር አንድ ወንድም መጥቶ "እህቴ ወደ ውጭ ብታወጫት" ስላለኝ ነው። በክፋት አይደለም የተናገረው፣ የየትኛው ቤተክርስቲያን እንደሆነም አልናገርም፣ አይጠቅምም። ግን ስልሳ ዓመት ቅዳሴ ያላቋረጠች ሴት ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጣ ከሩቅ ደወሉን ስትሰማ እግዚኦ መሃረነ ክርስቶስ እያለች በጣቷ ስትቆጥር አይቻታለሁ። ስሜን ረስታለች፣ እግዚኦታውን አልረሳችም።

እና ሜይ 30 ቀን 2023 ነው፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ የሚስስ ካርተር ቤተሰብ መግለጫ አወጣ። ዲሜንሺያ እንዳለባቸው ነው የተናገሩት። እቤታቸው ከባለቤታቸው ጋር ደስ ብሏቸው እየኖሩ ነው፣ በፕሌንስ ጸደይና በወዳጅ ዘመድ ጥየቃ እየተደሰቱ ነው ይላል፣ ይሄን የምንነግራችሁም በየቤቱ የኩሽና ጠረጴዛ ላይና በየሐኪሙ ቢሮ ወሬው እንዲጀመር ብለን ነው ይላል። የኩሽና ጠረጴዛ ሲል እኔ የኛን ጠረጴዛ አየሁት። የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሚስት የነበሩ ሰው ቤተሰብ በአደባባይ እናታችን እየረሱ ነው ካለ፣ እኔ ምኔ ነው የሚቀነሰው አልኩ። የዛኑ ቀን ለእህቴ አዲስ አበባ ደወልኩ፣ ለጎረቤቴ ነገርኳት፣ የእማዬን ሐኪም በትክክል ምን እንደሆነ ንገረኝ ብዬ ጠየቅኩት። እኔን ያን ቀን ያስተነፈሰኝ ማንም ሰው የለም፣ እሳቸው ናቸው።

እሳቸውም ቢሆኑ አንዲት ሴት ናት መንገዱን ያሳየቻቸው። ይሄን ታሪክ ደጋግመው ተናግረውታል። ባለቤታቸው ለጆርጂያ ገዢነት ሲወዳደሩ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ የጥጥ ፋብሪካ በር ቆመው ሠራተኛውን ሰላም እያሉ ነው። አንዲት ሴትዮ ከናይት ሺፍት ወጣች፣ ፀጉሯም ልብሷም የጥጥ ብናኝ ለብሶ። ወደ ቤት ገብተሽ ትተኛለሽ አይደል ሲሏት ትንሽ ካገኘሁ ነው እንጂ ቤት የአእምሮ ህመምተኛ ልጅ አለችኝ፣ የባለቤቴ ደሞዝ ለህክምናዋ አልበቃ ስላለን እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ እሱ ቀን ይሠራል፣ ተራ በተራ እንይዛታለን አለቻቸው። ሚስስ ካርተር ቀኑን ሙሉ ሴትዮዋ ከሃሳባቸው አልወጣ አለቻቸው። ያን ቀን ማታ ባለቤታቸው እዛው ከተማ ንግግር ያደርጉ ስለነበር ሳይነግሯቸው ሄደው ሰልፍ ገቡ፣ ከሕዝቡ ጋር ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ ሰውየው የማንን እጅ እንደያዙ ሳያዩ ሊጨብጡ ሲሉ፣ ገዢ ብትሆን ለአእምሮ ህመምተኞች ምን ልታደርግ ነው ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም በአገሪቱ ምርጡን ፕሮግራም እናቋቁማለን፣ ኃላፊዋም አንቺ ትሆኛለሽ አሏቸው።

እኔ ይሄን ሳነብ አለቀስኩ። ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። ባል ቀን፣ እኔ ሌሊት፣ ተራ በተራ።

ዘመኑን ደሞ አስቡት። ያኔ ጆርጂያ ውስጥ የአእምሮ ህመምተኛ ሚሌጅቪል የሚባል ከተማ ያለ ሆስፒታል ነበር የሚከተተው፣ 12,000 አካባቢ ሰው የታጨቀበት፣ ልጅ ሲያጠፋ ሚሌጅቪል ትላካለህ እየተባለ የሚፈራበት። እኛ አማኑኤል ትገባለህ እንደምንለው ማለት ነው። ሚስስ ካርተር ያንን ስም ፊት ለፊት ወጥተው ተናገሩት። ኋይት ሀውስ ሲገቡ የአእምሮ ጤና ኮሚሽን ተቋቁሞ የክብር ሊቀመንበር ሆኑ፣ 1979 ላይ ሴኔት ፊት ቀርበው ምስክርነት ሰጡ፣ ከኤሊኖር ሩዝቬልት ቀጥሎ ኮንግረስ ፊት የመሰከሩ ሁለተኛዋ ቀዳማዊት እመቤት ናቸው። 1980 ላይ ሕጉ ወጣ፣ በዓመቱ አዲሱ መንግሥት ሲገባ በጀቱ ተነጠቀ። ሌላ ሰው ቢሆን እዛ ላይ ይተወው ነበር። እሳቸው ግን ፕሌንስ ገብተው ቀጠሉበት፣ እንደገና ዋሽንግተን እየተመላለሱ፣ 2008 ላይ ኢንሹራንስ የአእምሮ ህመምን ከሌላው ህመም እኩል ይያዝ የሚለው ሕግ ሲፈረም 81 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ ከኛ ውስጥ ልጁን ካውንስለር ጋ ወስዶ ኢንሹራንሱ የከፈለለት ሰው ካለ የሳቸው ድካም አለበት። 1987 ላይ ደሞ አሜሪከስ በምትባል የጆርጂያ ከተማ ውስጥ፣ እሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ፣ ለአስታማሚዎች ብቻ የሚሠራ ኢንስቲትዩት በስማቸው ተቋቋመ። ለታማሚው አይደለም፣ ለአስታማሚው! እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩን እኔ ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

ስለ እምነታቸውም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን የምጽፍላችሁ ለእምነት ሰዎች ነው። ሜቶዲስት ሆነው አድገው ካገቡ በኋላ ባፕቲስት ሆኑ። 1965 ላይ የፕሌንስ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ጥቁሮች እንዳይገቡ የሚል ውሳኔ ለድምጽ ሲያቀርብ ከካርተር ቤተሰብና ከአንድ ሌላ ሰው በቀር ተቃውሞ እጁን ያወጣ አልነበረም። በኋላ በዚሁ ጉዳይ ቤተክርስቲያኑ ለሁለት ሲከፈል አዲስ የተመሠረተው ማራናታ ነው፣ ከዋሽንግተን ሲመለሱ እዛ ገቡ፣ እስከ መጨረሻም እዛ ነበሩ። ማታ ማታ ሁለቱ አብረው መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ ነበር፣ ቋንቋውን እንዳይረሱ ብለው በስፓኒሽ ነበር የሚያነቡት። የኛ ሃይማኖት ሌላ የሳቸው ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የጸሎት ሰው የጸሎትን ሰው ያውቃል።

2018 ላይ አስታምማቸው የነበሩ ሴትዮ ልጅ ይዛኝ ፕሌንስ ሄደን ነበር፣ ሚስተር ካርተር ሰንበት ትምህርት ሲያስተምሩ ለመስማት። ሳይነጋ ደረስን፣ ከኛ በፊት ግን ብዙ መኪና ቆሟል። ቤተክርስቲያኑ ትንሽ ነው፣ በፒካን ዛፍ ተከቦ፣ የገጠር አጥቢያ ነው የሚመስለው። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ወንበር ላይ ይቀመጡና የመጣው ሰው ሁሉ ተራ በተራ ከጎናቸው ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እጅ መጨበጥ የለም፣ ሰው ብዙ ስለሆነ በሩጫ ነው። እኔ ያየሁት እጃቸውን ነው። ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ፣ ሁለት እጃቸው ቦርሳው ላይ፣ ጣቶቻቸው ቀጭን፣ የሠራ ሰው እጅ። መቶ ሰው አልፎ አሁንም ቀና ብለው ፈገግ ይላሉ። 90 አልፏቸዋል እኮ። እማዬ ያን ጊዜ ደህና ነበረች፣ ፎቶውን ሳሳያት "እቺ ሴት ደግ ናት፣ ፊቷ ላይ አለ" አለች።

ሚስስ ካርተር ካረፉ በሳምንቱ ሰኞ ማታ አስከሬናቸው አትላንታ ካርተር ሴንተር ግቢ ለስንብት ተቀምጦ ስለነበር ከሥራ በፊት ሄጄ ተሰለፍኩ። ነጠላ አጣፍቼ ነው የሄድኩት፣ ለሀዘን እንደምናጣፋው ጥለቱን ወደ ላይ አርጌ። ከፊቴ የነበሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ስለ ነጠላው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ልጃቸው የአእምሮ ህመምተኛ እንደነበር ነገሩኝ፣ ሌላ ምንም አላወራንም፣ ክንዴን ይዘው እስከ ውስጥ ገባን። በማግስቱ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቤተክርስቲያን ጸሎቱ ሲደረግ በቴሌቪዥን አየሁት፣ ሚስተር ካርተር በ99 ዓመታቸው፣ ራሳቸው ሆስፒስ (የመጨረሻ ጊዜ እንክብካቤ) ላይ ሆነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው መጡ። የልጅ ልጃቸው ስለ አያቱ ሲናገር አንዴ አውሮፕላን ውስጥ ከቦርሳቸው ፒሜንቶ ቺዝና ዳቦ አውጥተው ሳንዱች እየሠሩ ለቤተሰቡም ለማያውቁት ተሳፋሪም ማደል እንደጀመሩ አወራ። ፒሜንቶ ቺዝ የደቡብ ሰዎች ቤት የማይጠፋ፣ በቃሪያ የተለወሰ አይብ ነው። እኔ ሳቅኩም አለቀስኩም፣ እማዬ ባስ ውስጥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለማያውቃት ሰው ስታዘግን ታየችኝ። እና ሚስስ ካርተር ፕሌንስ፣ ቤታቸው ግቢ ኩሬው አጠገብ አኻያ ዛፍ ስር ተቀበሩ። ሚስተር ካርተርም በዓመቱ ዲሴምበር 29 ቀን 2024 መቶ ዓመት ሞልቷቸው አረፉ፣ ከጎናቸው ተቀበሩ።

አሁን ወደናንተ ልምጣ።

ዕድራችንን አልከስም፣ ደግነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት የአንዲት ጎረቤቴ ባል ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ወንበሩ መጣ፣ እንጀራው መጣ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ አስከሬኑ አገር ቤት የሚሄድበት ገንዘብ ወጣ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቷ ሰው ጢም ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን ያቺው ሴት ባሏን ከስትሮክ በኋላ አራት ዓመት አስታማለች። አራት ዓመት! አንድ ቀን "ዛሬ እኔ ልቀመጥለት፣ አንቺ ሄደሽ ተኚ" ያላት ሰው አልነበረም። እኔም አላልኳትም፣ ጎረቤቷ ሆኜ። ለቅሶ ቤት ሻይ ሳቀርብ ጆሮዬ ላይ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ "ይሄ ሁሉ ሰው የት ነበር?" በቁጣ አይደለም፣ በእውነት ገርሟት ነው።

ዕድር አገር ቤት የታመመን መጠየቅም ያውቃል፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው እኮ የመንደሩ ሰው ነው። እዚህ መጥተን ነው የሞት ብቻ ያደረግነው። ሺፍት ስላለብን ነው፣ ርቀቱ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም እዛው ውስጥ ነኝ።

የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። መተዳደሪያ ደንባችን ላይ የሞት ክፍያ እንዳለ ሁሉ ለአስታማሚ የሚሆን ትንሽ መስመር ይግባ። ገንዘብ እንኳ ባይሆን የሰው ተራ ይሁን፣ ሳምንት አንዴ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ የሚቀመጥ፣ አስታማሚው ቅዳሴ እንዲሄድ፣ ወይ ጥርሱን እንዲታከም፣ ወይ እንዲተኛ። ናይት የሚሠሩ ነርሶችና ሲኤንኤዎች (የነርስ ረዳቶች) በየዕድሩ ሞልተናል፣ እናንተ ስሙን መዝግቡ እንጂ እኛ እንመጣለን፣ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ሰበካ ጉባኤዎች ደሞ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር አምስት ደቂቃ ለዚህ ይሰጠው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጆርጂያ ውስጥ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያለውን ቤተሰቡን እቤት የሚያስታምም ሰው ሊከፈለው የሚችልበት ፕሮግራም አለ፣ ስትራክቸርድ ፋሚሊ ኬርጊቪንግ ይባላል። በየአካባቢው አዛውንትንና አስታማሚን የሚረዳ ኤሪያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ የሚባል ቢሮ አለ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሮዛሊን ካርተር ኢንስቲትዩትም ዲሜንሺያ ላለበት ሰው አስታማሚዎች የሚሰጠው ኮርስ አለው፣ በአማርኛ ሆኖ አዳራሻችሁ ውስጥ እንዲሰጥ እናንተ ደብዳቤ ብትጽፉ ከአንድ ግለሰብ ይልቅ ይሰማችኋል። ሌሊት ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ደሞ 988 ይደውል፣ ይሄን ቁጥር የቤተክርስቲያኑ በር ላይ መለጠፍ ምንም አያስወጣም።

አባቶቼ ካህናት፣ እግራችሁን ስሜ አንድ ነገር ልለምን። ጸበል እወዳለሁ፣ እማዬንም አስጠምቄያታለሁ፣ ወደፊትም አስጠምቃታለሁ። ግን ከመድረክ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የመርሳት ህመም የአንጎል ህመም ነው፣ ያፍር ዘንድ የሚገባው ሰው የለም፣ ሐኪምም ጋ ሂዱ በሉልን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ መድኃኒቱና ጸበሉ አይጣላም ብለው ተናግረው ስንት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ተርፏል። ሰው የናንተን ቃል ነው የሚሰማው፣ የኔን አይደለም። እና ደሞ ቅዳሴ መሃል የምትጣራ እናት ካለች ወደ ውጭ ከማውጣት አንድ እህት ከጎኗ ትቀመጥላት። የኋላ ወንበር ይበቃናል።

እማዬ አሁን 84 ዓመቷ ነው። ደህና ቀን አላት፣ ክፉ ቀን አላት። ትናንት ማታ ወረንጦዋን ከቦርሳዋ አውጥታ መብራት ስር ተቀመጠችና ሰጠችኝ፣ "ነይ አንቺ፣ ያንቺ ዓይን ጥሩ ነው" አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም፣ ዓይኗ ላይም የሚነቀል ፀጉር የለም፣ ከተሠራች ስንት ዓመቷ። ግን ወንበር አምጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩና እንደነቀልኩላት አደረግኩ፣ ስጨርስ እጄን ስማ "ተባረኪ" አለችኝ።

በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ከጠራችሁ እመጣለሁ፣ የተጠየቅኩትን ሁሉ እመልሳለሁ። ቀኑ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ ግን ቀደም ብላችሁ አሳውቁኝ፣ ባለቤቴ እሁድም ሥራ አለው፣ እማዬ ጋ የሚቀመጥ ሰው መፈለግ አለብኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አስታማሚ፣ ከክላርክስተን፣ ጆርጂያ